የእስር አያያዝ አቤቱታ፦ አካል ነፃ ማውጣት ነው ወይስ ሌላ መንገድ አለው?

ከጦሳ ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ፖሊስ ጣቢያ በጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ዳኛ በፈቀደው ጊዜ) ስለተያዙ ሰዎች ነው፤ ጣቢያውን ባልጠራው ይሻላል። አንድ ክፍል ውስጥ ወደ 40 ሰው ያድራል። መስኮቱ በቆርቆሮ ተደፍኗል። መጸዳጃ የሚወጡት ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊኑን ቤተሰብ ከስንቁ ጋር ያመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይገባለታል፣ አንዳንድ ቀን ከበር ይመለሳል።

ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች «አካል ነፃ ማውጣት አስገቡ» ይላሉ። ሌላ ሰው ደግሞ «የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ነው የሚያየው» አለ። የቱ ነው ትክክሉ? ምን ተብሎስ ይጻፋል?

ቦርከና፦

ለዚህ ጉዳይ አካል ነፃ ማውጣትን ተወው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 ያለው አቤቱታ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው የተያዘው በሕግ አግባብ ነው ወይስ አይደለም? ፖሊስ መጥሪያ ደርሶት ይቀርባል፣ የጊዜ ቀጠሮ ትዕዛዙን ያሳያል፣ መዝገቡ ይዘጋል። የክፍሉ ጥበትም ሆነ የኢንሱሊኑ ነገር ሳይነሳ ይቀራል። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ የሚያውቁት ፎርም ስለሆነ ነው የሚመክሩት።

ትክክለኛው ቦታ ጊዜ ቀጠሮውን የሚሰጠው ችሎት ራሱ ነው። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስለዚህ ተጠርጣሪው ቢዘገይ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት አንዴ ዳኛ ፊት ይቆማል። ያችን አጋጣሚ መጠቀም ነው። የኢንሱሊኑ ጉዳይ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው መዝገብ ቁጥር የጽሑፍ አቤቱታ በማንኛውም የሥራ ቀን ለሬጅስትራር (ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) ይገባል፣ «አስቸኳይ» ተብሎ።

የሚጠቀሱት አንቀጾች ብዙ አይደሉም። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18(1) ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ 21(1) የተያዘም የተፈረደበትም ሰው ሰብአዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ እንዲያዝ ያዛል፤ 21(2) ከትዳር ጓደኛ፣ ከቅርብ ዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከሃይማኖት አማካሪ፣ ከሐኪምና ከሕግ አማካሪ ጋር የመገናኘት መብት ይሰጣል። ሐኪም የሚለውን አስምርበት፣ ለአንተ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው። ከወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስታውሳት ቁጥር 60 አለች፤ ተይዞ የቆየ ሰው የሚጠበቀው ስለ ወህኒ ቤት በወጣው ሕግ በተመለከተው ሁኔታ ነው ትላለች። ስለዚህ «እኛ ፖሊስ ጣቢያ እንጂ ማረሚያ ቤት አይደለንም፣ ይህ አይመለከተንም» የሚለው መልስ አያስኬድም።

ዳኛው «የእስር ቤት አስተዳደር የአስፈጻሚው ሥራ ነው፣ ሥልጣን የለንም» ካሉ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 13(1) አንሡ። በየትኛውም ደረጃ ያለ የዳኝነት አካል በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መሠረታዊ መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለበት ይላል።

አሁን ወደ አጻጻፉ። አቤቱታ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ነገር ሊታዘዝ የማይችል ሲሆን ነው። «አያያዙ እንዲስተካከል ይታዘዝልን» ብትል ዳኛው ቢፈልግ እንኳ ምን ብሎ ይዘዝ? «አመልካች በሐኪም የታዘዘለት ኢንሱሊን ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከእራት በፊት ሳይቋረጥ እንዲደርሰው፣ መርፌውን የሚሰጠውን ሰው የጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ እንዲመድብ፣ የተሰጠበትም ሰዓት እንዲመዘገብ» ብትል ግን ቃል በቃል ወደ ትዕዛዝ ይገለበጣል። ይህን ብቻውን፣ በአንድ ገጽ፣ ከሌላው ሳትቀላቅል አስገባ። የክፍሉ ጥበት ውስጥ ከከተትከው ዳኛው ሁሉንም «ፖሊስ መልስ ይስጥበት» ብሎ ሌላ ቀን ይቀጥረዋል፤ የስኳር ሕመምተኛ ያን ያህል አይቆይም። በተለይ ሕመሙ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር (ታይፕ 1) ከሆነ ኢንሱሊን ሲቋረጥ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ማስታወክ፣ በረጅሙ መተንፈስና ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል። ይህንንም በአቤቱታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ከሐኪም ማስረጃ ጋር።

አባሪ፦ የሕክምና ካርድ ቅጂ፣ የመድኃኒት ማዘዣው፣ የኢንሱሊኑ ዓይነትና መጠን። መድኃኒቱ በር ላይ የተመለሰባቸው ቀኖችም በዝርዝር ይኑሩ።

የመዝገብ ቤት ሰው፦

ቦርከና ያለው ልክ ነው፣ ግን ትዕዛዝ ማግኘት ግማሹ ሥራ ነው። ትዕዛዝ ወጥቶ ሳይደርስ የሚቀረው ብዙ ነው። ዳኛው ያዛል፣ ሸኚ ደብዳቤው ይጻፋል፣ ከዚያ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ቤተሰቡ «በእጅ እንውሰደው» ብሎ ይጠይቅ። ማኅተም ያለበትን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን ለጣቢያው ትሰጣላችሁ፣ በሁለተኛው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ታስጽፋላችሁ። አልፈርምም ካሉ የዚያኑ ዕለት ተመልሳችሁ ለሬጅስትራር አስመዝግቡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ትዕዛዙ አልደረሰንም» ሲባል መልሳችሁ ይህቺ ወረቀት ናት፤ የጣቢያው ኃላፊ ራሱ ቀርቦ እንዲያስረዳም በእሷ ታስጠይቃላችሁ።

ሌላው ኢንሱሊኑ በር ላይ የሚመለስበት ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ ተንኮል አይደለም፤ ተረኛው ይቀየራል፣ አዲሱ ተረኛ መርፌ ሲያይ «ስለታም ነገር አይገባም» ይላል። ትዕዛዙ ቅጂው በተረኛ መኮንኑ ክፍል እንዲቀመጥ የሚል ካካተተ ይህ ይቀንሳል። መርፌው ክፍል ውስጥ ባይገባም ተረኛው ዘንድ ተቀምጦ ሕመምተኛው ወጥቶ ይውጋ፤ ይሄ ለሁሉም ይቀላል።

ስለ ማስቀመጫውም፦ ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ እሱን ቤት አቆዩት። የተከፈተው ከሙቀትና ከፀሐይ ከራቀ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ደሴ ብርዱ ራሱ ፍሪጅ ነው፤ ቆቦ ወይም ባቲ ከሆነ ግን በሁለት ሸክላ ማሰሮ መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ እዚያ ውስጥ ማኖር ነው።

ሁለተኛው አቤቱታ፣ የክፍሉ ጉዳይ፣ በቁጥር ይጻፍ። «እጅግ የተጨናነቀ» የሚለውን ቃል ዳኛ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። ሜትር ከሌለ እስረኛው በክንዱ ይለካ፤ አንድ ክንድ ወደ ግማሽ ሜትር ነው። ክፍሉ 12 በ10 ክንድ ከሆነ 6 በ5 ሜትር፣ 30 ካሬ ነው። 40 ሰው ሲካፈለው ለአንድ ሰው 0.75 ካሬ ይደርሳል። አንድ ቀጭን ፍራሽ 60 ሳንቲ በ1.90 እንኳ ከ1.1 ካሬ በላይ ስለሚይዝ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጀርባቸው መተኛት አይችሉም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለጋራ ማደሪያ የሚመክረው ለአንድ ሰው 3.4 ካሬ ሜትር ነው፤ በዚህ ስሌት ያ ክፍል የ8 ሰው ክፍል ነው። የአየር መግቢያው ቢያንስ የወለሉ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 3 ካሬ መሆን ነበረበት። ውሃው በትንሹ በቀን ለአንድ ሰው 10 ሊትር ቢባል 400 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ጀሪካን ነው። ስንት ጀሪካን እንደሚገባ ቆጥሩና ጎን ለጎን አስቀምጡት።

እነዚህ ልኬቶች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሚያስገድዱ ሕጎች አይደሉም፤ «ሰብአዊ ክብር» የሚለውን ቃል መለኪያ ለመስጠት ነው የሚጠቅሙት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13(2) መብቶቹ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ስለሚል መግቢያ በር አላቸው።

ለጥበቱ መፍትሔ ስትጠይቁ «ሌላ ክፍል ይሠራ» አትበሉ፤ በጀት የለም ይባላል፣ ያልቃል። ዛሬ ሊፈጸም የሚችለውን ጠይቁ፦ ቆርቆሮው ይነሣ፣ በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ወደ ውጭ ይውጡ፣ ሌሊት የመጸዳጃ ባልዲ ክዳን ይኑረው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታው ይመርመር። በተደፈነ ክፍል የሳንባ ነቀርሳ ከአንድ ሰው ወደ ሁሉም ይደርሳል፤ ይህን ሲሰሙ ፖሊሶቹም ይነቃሉ፣ በር ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

ከጦሳ ሥር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። አንድ ነገር ቀረኝ። የእስረኞቹ ቤተሰቦች የሚፈሩት ከአቤቱታው በኋላ ያለውን ነው። እዚያው ከተፈረደባቸውና ወደ ማረሚያ ቤት ከሄዱም ጊዜ ቀጠሮ የለም፣ ዳኛ ፊት አይቆሙም። ያኔስ?

ሐይቅ ዳር፦

አብሽር፣ ለሁለቱም መንገድ አለ።

የተፈረደበት ሰው በመጀመሪያ ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያ ለክልሉ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ያመለክታል። የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦች (እ.ኤ.አ. 2015 የጸደቁት፣ 122 ደንቦች ናቸው) በደንብ 56 ታራሚ በየቀኑ ለኃላፊው ቅሬታ የማቅረብ ዕድል ሊኖረው ይገባል ይላሉ፤ ለበላይ አስተዳደርና ለዳኝነት አካል የሚጽፈውም ይዘቱ ሳይሳንሱር ይሄዳል። እሱ ካልቻለ ቤተሰቡ ወይም ጉዳዩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ያቀርብለታል። በደንብ 57 ደግሞ ቅሬታው ውድቅ ከሆነ ወይም ያለ አግባብ ከዘገየ ወደ ዳኛ መሄድ ይቻላል፤ ቅሬታ አቅራቢው እንዳይበቀሉትም ጥበቃ ይደረግለታል። በተግባር «መልስ አልሰጡኝም» ለማለት ገቢ የሆነበት ቀን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በካቦ (በእስረኞቹ አለቃ) በኩል በቃል የተነገረ ቅሬታ ቅሬታ አይባልም። ወረቀት ይሁን፣ ቅጂው በጉብኝት ቀን ለቤተሰብ ይውጣ።

ታራሚዎች የሚፈሩት አመክሮን ነው። በወንጀል ሕጉ ቁጥር 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ሰው ጠባዩ ታይቶ ይለቀቃል፤ «ቅሬታ ካቀረብኩ ጠባዩ መጥፎ ነው ይሉኛል» ይላሉ። ቅሬታ ማቅረብ የዲሲፕሊን ጥፋት አይደለም። ግን 30 ሰው ፈርሞበት የሚወጣ ወረቀት «አድማ» ተብሎ መሪው ሊፈለግበት ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ጉዳይ በራሱ ስም ይጻፍ፤ የጋራውን፣ የክፍሉንና የውሃውን ጉዳይ ግን ከውጭ ቤተሰብ ወይም ጠበቃ ያቅርበው።

ለዚህ ነው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሚጠቅመው። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም፣ ሦስተኛ ወገንም ማቅረብ ይችላል፤ የጥሰቱ ክብደት ሲጠይቅ ስም ያልተጠቀሰበትንም ያያል። በማሻሻያው አዋጅ 1224/2012 ደግሞ ፖሊስ ጣቢያና ማረሚያ ቤት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ገብቶ መጎብኘት ይችላል። የክልላችን ቢሮ ባሕር ዳር ነው። አንድ ወጥመድ አለ፤ ኮሚሽኑ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አይመረምርም። ደብዳቤው ላይ «ያለ ጥፋቱ ነው የታሰረው» የሚል ነገር ከጻፋችሁ «ይህ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልሳችኋል። ስለ ክሱ አንድ ቃል አትጻፉ፤ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ሕክምናው ብቻ። በችሎት የቀረበ አቤቱታ ካለ እሱን ጠቅሳችሁ ጉብኝት እንዲደረግ ጠይቁ።

የዞኑ ፍትሕ መምሪያም አለ። ዐቃቤ ሕግ ጣቢያዎችን ይጎበኛል፤ ድብደባ ወይም ማዋረድ ካለ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 424 ክስ የሚከፍተው እሱ ነው፣ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ቦርከና፦

ሐይቅ ዳር፣ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ አካል ነፃ ማውጣትን ተወው ስል ለአያያዝ ነው። ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቅ ብሎ ጣቢያው ካልለቀቀው፣ ወይም በ48 ሰዓት ዳኛ ፊት ካልቀረበ፣ ያኔ ትክክለኛው እሱ ነው። በከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከቃለ መሐላ ጋር ይገባል፤ ቃለ መሐላው ሰውየው የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንደሆነና ይህን የሚያውቁ ምስክሮችን ስም ይይዛል። የያዘው ሰው ስም ካልታወቀ «የጣቢያው ኃላፊ» በሚል ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ካሳ። በአያያዙ ምክንያት ጉዳት ከደረሰ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛን ጥፋትና የመንግሥትን ኃላፊነት ይመለከታል፤ ቁጥር 2143 ግን ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ያልቀረበን ክስ ያስቀረዋል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 በድሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍሉ መክሰስ አለ። የሕክምና ወረቀቶቹን ከአሁኑ አስቀምጡ።

የመዝገብ ቤት ሰው፦

ከሚሴ አካባቢ ላለ አንባቢ፦ ሰውየው የሚናገረው ኦሮምኛ ብቻ ከሆነ አቤቱታውም በኦሮምኛ ይጻፍ፣ በአማርኛ ተጽፎ የማያውቀውን ነገር አይፈርም። ደሴ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ከመሄድ በፊት እዚያ ጎራ በሉ።

ከጦሳ ሥር፦

ነገ ጠዋት የኢንሱሊኑን ብቻ በአንድ ገጽ አስገባለሁ። ክፍሉን በክንድ እንዲለኩልኝ በስንቅ ቀን መልእክት እልክላቸዋለሁ።