ባለንብርብር የፖሊመር ቅንጣቶች አሲድ ውስጥ ይበታተኑብኛል፤ ምን ላድርግ?

የፖሊስታይሪንና የፖሊ-4-ቪኒልፒሪዲን ብሎክ ኮፖሊመር (ሁለት ፖሊመሮች ጫፍ ለጫፍ የተያያዙበት ሰንሰለት፤ ብሎኮቹ፣ ማለትም ሁለቱ ክፍሎች፣ እኩል ገደማ) በክሎሮፎርም፣ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አሟሟለሁ። ፖሊቪኒል አልኮል (ጠብታዎቹ እንዳይዋሃዱ የሚጠብቅ) ባለበት ውሃ ውስጥ ወደ ጠብታ በትኜ ክሎሮፎርሙን በ30 ዲግሪ ቀስ ብሎ እንዲተን አደርጋለሁ። እዚህ ድረስ ሰላም ነው፦ በአዮዲን እንፋሎት ተቀልሞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ሞላላ ነው፣ ንብርብሮቹም በርዝመቱ ተደርድረዋል። (በፖሊቪኒል አልኮሉ ፈንታ በሲቲኤቢ፣ ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር፣ ብቻ ሲሠራ ሽንኩርት መሰል ክብ ይወጣል፤ እሱን አልፈልግም።)

ችግሩ ፒኤች ወደ 3 ሲወርድ ነው። ፒሪዲኑ (የፖሊ-4-ቪኒልፒሪዲኑ ክፍል) ከአሲዱ ፕሮቶን ይዞ ያብጥና ቅንጣቱ ተለጥጦ በመቆየት ፈንታ ወደ ነጠላ ዲስኮች ይፈርሳል። የፒሪዲን ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ በሚያገናኝ ማሰሪያ፣ በ1፣4-ዳይብሮሞቡቴን፣ ሳስረው፣ ካነሰ ይለያያል፤ ከበዛ ጭራሽ አያብጥም። ማሰሪያው ከውጭ ስለሚገባ ዳር ዳሩ ብቻ የሚታሰር ይመስለኛል። ክሎሮፎርሙ ተኖ ሳያልቅ ልጨምረው ወይስ በኋላ በጥቂት ኢታኖል አሳብጬ? ማሰሪያውን ከፒሪዲኑ አንጻር በስንት ሞል ፐርሰንት ትጀምራላችሁ?