ከግዳጅ የተመለሰ ባለቤቴ እርዳታ ቢጠይቅ ሥራውን ያጣል?

ጠያቂ (ቴክሳስ)፦ ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ያገለግላል። ከውጭ ግዳጅ ከተመለሰ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም፤ በር ሲንኳኳ ይደነብራል፤ ልጆቹንም ያለ ምክንያት ይቆጣል። ባለሙያ እንዲያነጋግር ብለምነው የምስጢር ሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብሎ ይፈራል። ከየት እንጀምር?

ጡረተኛ ሳጅን፦ እህቴ፣ ይህን ፍርሃት በብዙ ባልደረቦቼ ላይ አይቼዋለሁ። ፈቃዱን የሚመረምሩት ሰዎች የሚያዩት የሰውየውን ታማኝነትና የማመዛዘን ችሎታ ስለሆነ፣ ምክር መጠየቁ ብቻውን ፈቃድ አያስነጥቅም፤ በገዛ ፈቃዱ መታከሙም በበጎ ይታይለታል። ባለሙያ ዘንድ ለመሄድ ከከበደው በመጀመሪያ የጦር ክፍሉን ቻፕሊን (የሠራዊቱን የሃይማኖት አገልጋይ) ያነጋግር፤ ቻፕሊን ሃይማኖት ሳይለይ ያዳምጣል፣ በምስጢር የሰማውንም ያለ ባለጉዳዩ ፈቃድ ለአዛዥ አይናገርም።

የቤተሰብ አማካሪ፦ እርስዎ ራስዎ እሱ እስኪስማማ አይጠብቁ። ሚሊተሪ ዋንሶርስ የተባለው የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የድጋፍ አገልግሎት ለወታደሩም ለትዳር ጓደኛውም ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ ነፃ ምክር ይሰጣል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ራስን ወይም ሌላን ሰው የመጉዳት ስጋት፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ወይም ሕገ ወጥ ድርጊት ከሌለ በቀር የተነገረው በምስጢር ይያዛል። ይህ ምክር ለትዳርና ለኑሮ ውጥረት የታሰበ ስለሆነ ግን የባለቤትዎን እንቅልፍ ማጣትና መደንበር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ከክፍሉ ጋር የሥነ ልቦና ጽናት ሥልጠና ወስዶ ነበር፤ ያ አይበቃውም?

ጡረተኛ ሳጅን፦ አይበቃም። ጦሩ በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ሥልጠና ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጋር የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዓላማው ወታደሩ መከራ ሳይደርስበት አስቀድሞ አስተሳሰቡን እንዲያጠነክር ነው። ለተጎዳ ሰው ሕክምና አይሆንም። «ሠልጥነህ እንዴት ተረበሽህ?» የሚል አነጋገር በቤትም በክፍልም ባይሰማ እመርጣለሁ፤ ወታደሩን አሳፍሮ ዝም የሚያሰኘው እሱ ነውና።

አባል (ቨርጂኒያ)፦ እኛን የረዳን ቬት ሴንተር፣ ማለትም የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የምክር ማዕከል ነው። በጦርነት ቀጠና ያገለገለ ሰው፣ አሁንም በሥራ ላይ ቢሆን፣ ከነቤተሰቡ በነፃ ይስተናገዳል፤ መዝገቡንም ያለ እሱ ፈቃድ ለጦሩ አይሰጡም። እኔ ብቻዬን ጀምሬ ባለቤቴ ከወራት በኋላ ተከተለኝ።

የቤተሰብ አማካሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ካለ ለጊዜው ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ጥይቱም ለብቻው። መኖር እንዳስጠላው ከተናገረ ሳይውሉ ሳያድሩ ራስን የማጥፋት ስጋት ላለባቸው በተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ 988 ይደውሉና ከወታደሮች መስመር ጋር ለመገናኘት 1 ቁጥርን ይጫኑ፤ መስመሩ ሌት ተቀን ክፍት ነው፣ የቤተሰብ አባልም መደወል ይችላል።