የመንገዳችንን ጥበቃና ጽዳት ነጋዴው ሁሉ እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል? ሒሳቡስ በምን ይሁን?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የባህል ልብስ ሱቅ አለኝ። ምክር ፈልጌ ነው።

በእኛ መንገድ 41 ሱቅ አለ። አምና ተሰባስበን በወር 500 ብር እያዋጣን ሁለት የሌሊት ጥበቃና ሁለት ጽዳት ቀጠርን። መጀመሪያ ሁሉም ከፈለ። መንገዱ ሌላ ሆነ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንኳ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቆመው ዕቃ ያያሉ። በአራተኛው ወር ዘጠኝ ሰው “ገበያ ቀዘቀዘ” ብሎ ተወ። እነሱ ሲተዉ ሌላውም “እኔ ለምን ለእነሱ እከፍላለሁ” አለና አሁን የምንከፍለው 14 ብቻ ነን፣ ጥበቃውም አንድ ሆኗል። ጥበቃውን ደግሞ “ያልከፈለውን ሰው በር ዝለለው” ልንለው አንችልም።

ባለፈው ሳምንት ያ ዝናብ ሲመጣ በሬ ላይ ያለው ቱቦ ሞላ። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የማንጎ ልጣጭ፣ ፌስታል ደፍኖታል። ውሃው ሱቅ ገብቶ ታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበሩ ስድስት ነጠላዎች አረጠበብኝ። የጥበቡ ቀይ ወደ ነጩ ፈሰሰ። ስድስቱንም ጣልኳቸው። ቱቦውን በየሳምንቱ የሚጠርገው ልጅ ከቀረ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ውጭ አገር ነጋዴው በሕግ የሚከፍለው የመንገድ መዋጮ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። የምታውቁ ካላችሁ እንዴት ነው የሚሰራው? ሁሉም እኩል ነው የሚከፍለው?

ከኬፕታውን የተመለስኩ፦
እህቴ፣ እኔ ኬፕታውን መሀል ከተማ ስምንት ዓመት ሰርቻለሁ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ይሄን የሚሰራ ማህበር አለ። ማንም በየሱቁ እየዞረ ብር አይለምንም። የሕንፃው ባለቤት ለከተማው የንብረት ግብር ሲከፍል እዚያው ቢል ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣበታል። የሚሰላው በንብረቱ ዋጋ ነው፤ ትልቅ ሕንፃ ያለው ብዙ ይከፍላል። ከተማው ሰብስቦ ለማህበሩ ያስተላልፋል። በዚያ ብር ጥበቃ ይቆማል፣ መንገድ ይጠረጋል፣ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎችም ድጋፍ ይደረጋል። ማታ ሱቄን ዘግቼ ስሄድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ አያለሁ። ልብ ያሳርፋል፣ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እኔ ተከራይ ነበርኩ። ቢሉ በስሜ አልመጣም፣ ኪራይ ሲጨመርብኝ ግን አከራዬ ይቺን ክፍያ ጠቅሶ ነው የጨመረው። ከእናንተ 41 ሱቅ ስንቱ የራሱ ቤት ነው?

የአቶቴ ነጋዴ፦
እኔ አልስማማም። መዋጮ በዛ። ለኮብልስቶን አዋጣን፣ ለመብራት አዋጣን፣ አንዱ ቦታ የከፈልኩበት ደረሰኝ እንኳ አልተሰጠኝም። ግብር እንከፍላለን፣ የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ እናድሳለን፤ ቱቦ መጥረግ የማዘጋጃ ቤት ሥራ አይደለም እንዴ? እኛ መጥረግ ከጀመርን “እነሱ እየጠረጉ ነው” ተብሎ የከተማው ጠራጊ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ያኔ ለአንድ ሥራ ሁለቴ ከፈልን ማለት ነው። ተናድጄ ከሆነ ይቅርታ፣ ግን በዚህ ብዙ ተጎድቻለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፦
ወንድሜ ያነሳኸው ፍርሃት ተገቢ ነው። ይሄ በየአገሩ የተፈራ ነገር ስለሆነ መፍትሔም አለው። በአንዳንድ አገር ማህበሩ ሲቋቋም ከተማው እስከዛሬ በዚያ መንገድ ምን ምን እንደሚሰራ በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ በሳምንት ስንት ቀን ይጠረጋል፣ ስንት አምፖል ይበራል። የነጋዴው ብር ከዚያ በላይ ላለው ብቻ ነው።

እህቴ፣ ያንቺ ችግር ደግሞ ነገሩ የተወለደበት ችግር ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ብሉር ዌስት ቪሌጅ የሚባል የሱቅ መንገድ አለ። የምድር ባቡር ሲገባ በትራም እያለፈ የሱቅ መስኮት ያይ የነበረው ደንበኛ ከመሬት በታች ሆነ፣ የቀረውን ደግሞ ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች ወሰዱት። በፈቃደኝነት ማዋጣት ስላልበቃ ነጋዴዎቹ ራሳቸው “በዚህ መንገድ ላይ ያለ ነጋዴ ሁሉ ይክፈል” የሚል ሕግ እንዲወጣ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1970 ተጀመረ። አበባ፣ መብራት፣ ወንበር፤ በዚህ ነው የጀመሩት።

እንግሊዝ ደግሞ መጀመሪያ ከፋዮቹ ድምፅ ይሰጣሉ። ድምፅ ከሰጡት በቁጥርም በንብረት ግምትም አብላጫው መስማማት አለበት። ለምን ሁለቱም? ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዳይጫኑ፣ ትንንሾቹም በቁጥር በዝተው ትልልቆቹ ላይ እንዳይጭኑ። ቢበዛ ለ5 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ድምፅ ይሰጣል። ሥራው ካላማረ ያበቃል። ደረሰኝ ላልተሰጠው ወንድማችን እኔ የምመኝለት ይሄንን ነው።

ሒሳቡን በእናንተ መንገድ እንሞክረው። በወር 24,000 ብር ያስፈልጋል እንበል። ለ41 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 585 ብር ገደማ ይደርሳል። ግን 3 ሜትር በር ያላት ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅና 22 ሜትር የያዘ ሆቴል እኩል ይክፈሉ? የሱቆቹ ፊት ተደምሮ 240 ሜትር ቢሆን ለአንድ ሜትር 100 ብር ነው። እሷ 300፣ ሆቴሉ 2,200። ፎቅ ላይ ያሉት በር መንገድ ላይ ስለሌላቸው ለእነሱ በካሬ ማስላት ይሻላል።

ግዴታ ለማድረግ ግን ሕግ ያስፈልጋል። ያለ ሕግ ማንም ማንንም ማስከፈል አይችልም። እስከዚያ ዕድር እንደምንመሠርተው አድርጉት፦ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሦስት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ፣ በየወሩ ወጪው በር ላይ የሚለጠፍ። ዕድር ላይ ሰው የማይቀረው ብሩ የት እንደሚሄድ ስለሚያይ ነው። አከራዮቹንም ከመጀመሪያው ስብሰባ ጥሯቸው። መንገዱ ሲያምር የሚወደደው የእነሱ ቤት ነው፣ ስለዚህ ግማሹን እነሱ ይቻሉ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጠየቅከኝ ወንድሜ፣ ከ41ዱ የራሱ ቤት ያለው 6 ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተከራይ ነው፣ እኔም ጭምር። እኛ እስከዛሬ አከራዮቹን አንድም ቀን ጠርተናቸው አናውቅም። እኩል ማስከፈላችንም ስህተት ነበር። መጀመሪያ ከተዉት ዘጠኙ ሰባቱ ጠባብ በር ያላቸው ናቸው፣ አሁን ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሜትር ይዤ እወጣለሁ። የአቶቴው ወንድሜ፣ ቅርብ ስለሆንክ ብትመጣ ደስ ይለኛል፣ የደረሰኙን ነገር ደንቡ ላይ አንተ ብትጽፈው ይሻላል።

የአቶቴ ነጋዴ፦
እመጣለሁ። ስንት ሰዓት?