የእንጨት ፎቅ ለሀዋሳ ኮንዶሚኒየም፦ ይሞከር ወይስ ይቅር?

የታቦር ልጅ፦
ዛሬ ኳሱን እንተወውና ስለ ቤት እንከራከር። ኖርዌይ ውስጥ ብሩሙንዳል በምትባል ትንሽ ከተማ 18 ፎቅ፣ ከ85 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ከእንጨት ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2019 ተጠናቋል። በ2022 ደግሞ አሜሪካ ሚልዋኪ ላይ 25 ፎቅ ቆሟል። እርግጥ የሱ የታችኞቹ የመኪና ማቆሚያ ፎቆች ኮንክሪት ናቸው። እኛ ጋ ሲሚንቶ በጠፋና በተወደደ ቁጥር ቤት የጀመረ ሰው ሁሉ ይታመማል። ጥያቄዬ አንድ ነው። መንግሥት ጂ+4 የጋራ መኖሪያ ቤት ከእንጨት ለመሥራት ቢያንስ ይሞክር ወይስ አይሞክር? እኔ ይሞክር ባይ ነኝ። በሉ ውረዱብኝ።

ፎርማኑ፦
ልውረድብህ። ወንድሜ፣ የእኛ እንጨት በር መሆን እንኳን አቅቶታል። ከሱቅ የምትገዛው ጣውላ ገና ከተቆረጠ ወር አልሞላውም፣ ስትነካው እጅህን ያረጥባል። በሐምሌ የገጠምከው በር ጥር ላይ ሲደርቅ ክፍተቱ ጣት ያስገባል። በጥር የገጠምከውን ደግሞ ሐምሌ ላይ በትከሻህ ካልገፋኸው አይዘጋም። ባለቤቱ ደውሎ የሚሳደበው አናጢውን ነው፣ አናጢው ደግሞ እኔን። በዚህ እንጨት ላይ ነው አምስት ቤተሰብ የምትደራርበው? ምስጡን ገና አልነካሁትም።

የኮንዶሟ፦
እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮሪደሩ በሙሉ ከሰል ያያይዛል። በዓል ሲደርስ በየበረንዳው ሲሊንደር ይወጣል። አንዱ ሶኬት ላይ ምጣድም ስቶቭም ፍሪጅም የሚሰካ ጎረቤት አለኝ፣ ብትነግረው አይሰማም። እና በእንጨት ላይ እንድተኛ ነው የምትፈልጉት? ለንደን ግሬንፌል የሚባል ፎቅ ተቃጥሎ በፈረንጆቹ 2017 72 ሰው አላለቀም?

መሐንዲስ ነኝ፦
እህቴ፣ ግሬንፌል ኮንክሪት ሕንፃ ነው። እሳቱን ከታች እስከ ላይ ያስሮጠው በእድሳት ጊዜ ከውጭ የተለጠፈው መሃሉ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ሽፋንና ከሥሩ ያለው የሙቀት ማገጃ ነው።

ስለ እንጨቱ ግን እንነጋገር። እነሱ የሚሠሩበት የእኛ አጣና አይደለም። በደንብ የደረቀ ጣውላ በመስቀለኛ እየተደራረበ በሙጫ ተጣብቆ እንደ ግድግዳ የወፈረ ሰሌዳ ይሆናል። ሲኤልቲ ይሉታል። ለኮለንና ለቢም (ለቋሚውና ለአግዳሚው) ደግሞ ጣውላው በአንድ አቅጣጫ ተደራርቦ ይጣበቃል። የአውሮፓ ደንብ ለስላሳ እንጨት በደቂቃ ወደ 0.65 ሚሊ ሜትር እየከሰለ ይሄዳል ብሎ ያሰላል። በአንድ ሰዓት 4 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። አሁን አስቡት። 10 ሳንቲም የሆነ አጣና ዙሪያውን 4፣ 4 ሳንቲም ሲበላ የሚተርፈው 2 ሳንቲም ነው፣ አለቀለት። 40 ሳንቲም የሆነ ኮለን ግን 32ቱ ከከሰሉ ሥር ጤነኛ ሆኖ ይቆያል። ከሰሉ ራሱ የውስጡን ከሙቀት ይከልላል። ዋናው ነገር ውፍረቱ ነው።

የኮንዶሟ፦
እሺ ግንቡ ኮንክሪት ይሁን። ታዲያ እንግሊዞቹ በዓመቱ ከ18 ሜትር በላይ በሆነ መኖሪያ ቤት የውጭ ግድግዳ ላይ የሚነድ ነገር ለምን ከለከሉ? እነሱ የፈሩትን እኔ ልድፈር?

መሐንዲስ ነኝ፦
ጂ+4 ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። እዚያው እንግሊዝም በዚያ ከፍታ ያን ያህል አይከለከልም። ስዊድን ከሁለት ፎቅ በላይ በእንጨት መሥራትን ከልክላ ኖራ በፈረንጆቹ 1994 አንስታዋለች። አሜሪካኖቹም በ2021 ደንባቸው እስከ 18 ፎቅ ፈቅደዋል፣ ለዚያ ከፍታ ግን እንጨቱ በሙሉ በጂፕሰም ቦርድ እንዲሸፈንና ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ) እንዲኖር ያስገድዳሉ።

የኮንዶሟ፦
ስፕሪንክለር? 😂 እኛ ብሎክ ውሃ አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው ሌሊት ነው፣ እሱም በተራ። እሳቱ ተራችንን ይጠብቅልን እንዴ?

ቲቸር፦
ኧረ ይሄ መልስ ያስፈልገዋል 😂

መሐንዲስ ነኝ፦
ጣሪያ ላይ ታንከርና ፓምፕ፣ ከጄኔሬተር ጋር። ወጪ አለው፣ አልክድም። ወጪው ደግሞ ከእንጨቱ ዋጋ ጋር ተደምሮ መቆጠር አለበት እንጂ እንደ ሁልጊዜው ሕንፃው ካለቀ በኋላ አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። እኛ እኮ የተቀመጥነው ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር በጥር 2008 ማታ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከዶርም ሲሮጡ የተጎዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አዋሽ ፈንታሌ በ2017 ሲንቀጠቀጥ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጎዳው እንደ ሕንፃው ክብደት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2400 ኪሎ ይመዝናል፣ ጽድ ወይም ፓይን 500 ቢሞላ ነው። አምስት እጥፍ ልዩነት! ከሰል የምትፈሪው እህቴ፣ ያ ሁሉ ሶሌታ ከላይሽ እንዳለስ አስበሽ ታውቂያለሽ?

የኮንዶሟ፦
አሁን አሳሰብከኝ። እንቅልፍ ደህና ሰንብት።

ፎርማኑ፦
ክብደቱ ልክ ነው። ግን ቀላል መሆን ብቻውን አያድንም። እንጨት ሕንፃ በመንቀጥቀጥ ጊዜ የሚይዘው መገጣጠሚያው ነው፣ ብረቱና ብሎኑ። እኛ ደግሞ ፌሮ ማሰሪያ ሽቦ የምንቆጥብ ሰዎች ነን።

ደን ደን፦
እኔ የተማርኩት ወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ነው፣ ስለዚህ እሳቱን ትቼ ዛፉን ልናገር። ሁላችሁም እንጨቱ ያለ አስመስላችሁ ነው የምትከራከሩት። ገበሬው ባህር ዛፉን በአራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመቱ ይቆርጣል፣ ምክንያቱም አጣና ሆኖ ቶሎ ገንዘብ ያመጣለታል። ለወፍራም ጣውላ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ መጠበቅ አለበት። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስገባ ሰው 20 ዓመት ይጠብቅ ብትለው ይስቅብሃል። ለዚህ ሥራ የሚሆን ቁመና ያላቸው የፈረንጅ ጽድና ፓይን በመንግሥት እጅ ያሉት ናቸው፣ እዚሁ ሙኔሳ ሻሸመኔ በኩል። ባህር ዛፍ በሙጫ አይጣበቅም ማለቴ አይደለም። ስፔን ይሠሩበታል። ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ትዕግሥትና ማሽን ይፈልጋል።

የታቦር ልጅ፦
በየዓመቱ ስንት ችግኝ እየተከልን?

ደን ደን፦
የተተከለ ችግኝና የተጋዘ ግንድ አንድ አይደሉም። ብዙው የተተከለው ለአፈር፣ ለውሃ፣ ለፍሬ ነው። ተራራ ለማልበስ የተተከለን ዛፍ ለሶሌታ ልትቆርጠው ነው? ለቤት የሚሆን ደን ከፈለግን ለቤት ብለን እንትከል።

የታቦር ልጅ፦
ታዲያ አሁንስ እንጨት አልጨረስንም? ማንኛውንም ሳይት ሂዱና እዩ። ጋሽ ፎርማን ይመስክር።

ፎርማኑ፦
እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ከሥሩ የሚቆመው አጣና ጫካ ነው። በግማሽ ሜትር፣ በስልሳ ሳንቲም አንዱ ይቆማል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ከሥሩ ድንጋይ ወይም የጣውላ ቁራጭ ይወተፋል፣ ከላይ ሞራሌ፣ በላዩ ኮምፔንሳቶ። አርማታው ሲጠነክር ይነቀላል፣ ለቀጣዩ ፎቅ ይወጣል። አጥሮ የተረፈው ለመወጣጫ፣ ምስማር የጨረሰው ለማገዶ። ሕንፃው ሲያልቅ ስለ እንጨቱ የሚጠይቅ የለም። ብረት ማቆሚያ ያለው ኮንትራክተር ጥቂት ነው።

መሐንዲስ ነኝ፦
እኔም ልል የፈለግኩት ይሄንን ነው። እንጨቱን ለኮንክሪቱ እናቃጥለዋለን፣ ሲሚንቶውም በበኩሉ ከዓለም የካርቦን ልቀት ወደ 8 በመቶውን ይዟል። ደንብ የለንም የሚል ካለም ተሳስቷል። በፈረንጆቹ 1995 በወጣው የሕንፃ ደንባችን አምስተኛው ክፍል ስለ እንጨት ነው። አንብቦ ፎቅ የሠራበት ሰው ግን እኔ አላየሁም።

ቲቸር፦
ለእኔ ዋናው እንቅፋት ሰው ነው። እንጨት ሲባል ሕዝቡ የሚያስበው ጭቃ ቤት ነው፣ ባንኩም ጭቃ ቤት መያዣ ሲቀርብለት ፊቱን ያጠቁራል። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀበት ስንት መቶ ዓመት ቆሟል። ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይነካውም፣ ልዩነቱም እሱ ነው። ውሃ ያልነካው እንጨት ይኖራል። እዚህ ግን የኮንዶሚኒየም አሸንዳ በሁለተኛው ክረምት ይቀደዳል፣ ኮሚቴው ለመጠገን ገንዘብ ሲያዋጣ ዓመት ይፈጃል። ኮንክሪቱ ይችለዋል። እንጨቱ አይችለውም። እኔ ከእሳት ይልቅ የምፈራው የቀጠሮ ጥገናችንን ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ሙጫውም አለ። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ሲሚንቶ ሸሽተን ሙጫ በዶላር እንዳንገዛ።

የታቦር ልጅ፦
ስለዚህ አይሞከር ነው የምትሉት?

የኮንዶሟ፦
ይሞከር፣ ግን በእኔ አይሞከር። ዕጣ እስኪወጣለት ስንት ዓመት የቆጠበ ሰው ላይ ሙከራ አይደረግም። የክፍለ ከተማ ቢሮ ሥሩበት። ማታ የሚተኛበት የለም፣ ከሰል አይያያዝበትም፣ ጣሪያው ሲያፈስ ደግሞ ቶሎ ይጠገናል፣ የሚያፈስበት ኃላፊው ላይ ነዋ።

መሐንዲስ ነኝ፦
እስካሁን ከተባለው ይሄ ይሻላል። ጂ+2 ቢሮ፣ ከሥሩ ኮንክሪት መሠረት ለምስጡና ለእርጥበቱ፣ ደረጃው ያለበት ክፍል በብሎኬት።

ደን ደን፦
ለአንድ ጂ+2 ቢሮ የሚሆን ጣውላ ከሻሸመኔ በኩል ይገኛል። መጀመሪያ ግን ማድረቂያ ምድጃ ይገዛ። እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ ሳይደርስ ሙጫ በደንብ አይይዝም፣ ፀሐይ ላይ በመከመር ብቻ እዚያ መድረስ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ምድጃው ለሕንፃው ባይሆን እንኳን በር ለሚሠራው ሁሉ ይጠቅማል።

ፎርማኑ፦
ምድጃው ይምጣ እንጂ ቢሮውን ተዉት 😂 ለምድጃው እኔም እፈርማለሁ።