የእናቴ የኪራይ ግብር 33,660 ብር መጣ፤ ትክክል ነው?

የአዳማ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነን፣ ከፍራንኮ ትንሽ ገባ ብሎ። እናቴ ከግቢያችን መንገድ ዳር ያለችውን አንዲት ሱቅ ታከራያለች። አባቴ በሕይወት ሳለ የግብሩን ጣጣ የሚጨርሰው እሱ ነበር። ካረፈ ወዲህ ያስታወቀ ሰው የለም።

ኅዳር 12 የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ደረሳት። የ2014፣ የ2015 እና የ2016 ነው። ኪራዩ በወር 6,000 ብር ተይዞ፣ ዋናው ግብር ብቻ 33,660 ብር ይላል። ከሥሩ ወለድና ቅጣት አለ። እናቴ ወረቀቱን ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣ ማታ ማታ እያወጣች ታየዋለች።

6,000 መሆኑ እውነት ነው። ግን ልብስ ሰፊው ሰኔ 2014 መጨረሻ ላይ ለቀቀ፣ የአሁኗ ተከራይ የገባችው ሐምሌ 2015 ነው። በመሃል ሱቁ ባዶውን ነበር። ሄጄ ስጠይቅ «መጀመሪያ ክፈሉ፣ ቅሬታው ከዚያ ይታያል» አሉኝ። እውነት ነው? ቆራርጦ መክፈልስ ይቻላል?

ባለ ኮንቴይነር፦
ዝም በሉ ባይ ነኝ። በ2012 በኮቪድ ጊዜ የድሮ ዕዳ ተሰርዞ የለ? አንድ ቀን ደግሞ ምሕረት ይታወጃል።

ሒሳብ ሠሪዋ፦
ባለ ኮንቴይነር፣ በእግዜር፣ ሰው አታሳስት። ያ ምሕረት የመጣው በወረርሽኝ ነው። እስከሚቀጥለው ድረስ ወለዱ ተኝቶ አይጠብቅም።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። እኔ እዚሁ አዳማ ለነጋዴ ሒሳብ እሠራለሁ፣ 33,660 ሳይ ወዲያው ለሦስት አካፈልኩት። በዓመት 11,220 ይሆናል። ይሄ ደግሞ የ72,000 ብር (6,000 በ12 ወር) ሙሉ ግብር ነው። ማለትም ምንም ወጪ አልተቀነሰላችሁም!

በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት መዝገብ የማይዝ አከራይ ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ተብሎ በእነዚያ ዓመታት ከጠቅላላ ኪራዩ 50 በመቶ ይቀነስለት ነበር። ደረሰኝ አይጠየቅም ነበር። 72,000 ሲጋመስ 36,000 ነው። በዚያን ጊዜው መጣኔ 36,000 ሲባዛ በ15 በመቶ 5,400፣ በሠንጠረዡ ላይ ያለው ተቀናሽ 1,710፣ የሚቀረው 3,690 ብር። ለአንድ ዓመት ማለት ነው።

የግብር ዘመኑ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ባዶ የነበረበት ጊዜ ልክ የ2015 ዓመት ላይ ይወድቃል። እሱ ከወጣ የሁለት ዓመት ይቀራል፦ 7,380 ብር። ቅጣቱም ወለዱም የተሰላው በዋናው ግብር ላይ ነው፤ እሱ ሲወርድ አብረው ይወርዳሉ። (በ2017 አዋጁ ተሻሽሏል፣ መጣኔውም ተቀይሯል። የእናትህ ዓመታት ግን ከዚያ በፊት ናቸው። አዲሱን ሠንጠረዥ ይዘህ እንዳትሄድ።)

«መጀመሪያ ክፈሉ» ያሉህ ግማሽ እውነት ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ቅሬታ ለማቅረብ መክፈል ያለባችሁ የማትከራከሩበትን ብቻ ነው። በእናንተ ጉዳይ 7,380ውን። ግማሹን ማስያዝ የሚመጣው የቅሬታው ውሳኔ ሳይጥማችሁ ቀርቶ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን ስትሄዱ ነው። ያም በ30 ቀን ውስጥ፣ ያም ከሚያከራክረው ግብር 50 በመቶ። ኦሮሚያ የራሱ አዋጅ ስላለው ማመልከቻው ላይ የምትጠቅሰውን አንቀጽ ከክልሉ አዋጅ ላይ ውሰድ።

ቀኑን እይ። ማስታወቂያው ከደረሳችሁ 21 ቀን ነው ያላችሁ፤ ኅዳር 12 ከሆነ እስከ ታኅሣሥ 3። ካልደረሰልህ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ማራዘሚያ ጠይቅ። ካለፈ በኋላ ግን ማልቀስ ነው።

የአዳማ ልጅ፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ ለእናቴ ሳነብላት «እስቲ ድገመው» አለችኝ። ባዶ እንደነበር በምን ላሳይ? የልብስ ሰፊው ውል አለ፣ መልቀቁን ግን ማንም አልጻፈም።

ሒሳብ ሠሪዋ፦
ሁለቱንም ውል አያይዝ፣ የድሮውንም የአዲሷንም። የሱቁ ቆጣሪ ለብቻው ከሆነ የመብራት ክፍያው ይመሰክራል፤ ባዶ ሱቅ መብራት አይበላም። ልብስ ሰፊው ከተገኘ የለቀቀበትን ቀን ጽፎ ይፈርም። ጎረቤት ምስክር መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ብዙም አያምኗቸውም።

ቆራርጦ ስለመክፈል፦ ይቻላል፣ በጽሑፍ ምክንያት አቅርባችሁ ትጠይቃላችሁ፤ መፍቀዱ ግን የእነሱ ነው። ከተፈቀደ በኋላ አንዱን ክፍያ ብታሳልፉ ቀሪው በሙሉ ባንዴ ይጠየቃል። ወለዱም አይቆምም። 7,380 ብር ከሆነ እኔ ተበድሬም ቢሆን ባንዴ እገላገለው ነበር። ቅጣቱን በተመለከተ እንዲነሳ ለብቻው ማመልከቻ ይጻፍ፤ የአባትህን የሞት ምስክር ወረቀት አያይዙ።

መንገደኛ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ቲኑ (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ) በማን ስም ነው? በአባትህ ከሆነ ውሳኔው የወጣው በሟች ስም ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ማመልከቻውን የሚፈርም ወራሽ መሆኑን ማስረዳት አለበት። እኛ የወራሽነት ማስረጃ ሳንይዝ ሄደን ከደጅ ተመልሰናል።

የአዳማ ልጅ፦
አየሁት፣ በእናቴ ስም ነው። ተመስገን።

ሒሳብ ሠሪዋ፦
ጥሩ፣ እንግዲያውስ እሳቸው ይፈርሙ፣ አንተ ከሆንክ የምታስገባው ውክልና ያዝ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አትመው፣ መዝገብ ቤት አስገባ፣ አንተ ጋ በሚቀረው ላይ ቀንና ማኅተም አስመታ። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሂድ» ቢሉህ እሺ እንዳትል።