የማን ደሴት ቲቲ የዓለም ሻምፒዮና ከተነሣበት በኋላ እንዴት ቀጠለ?

ባለሰንሰለት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ባለችው ማን ደሴት ስለሚካሄደው የሞተር ሳይክል ውድድር፣ ስለ 1972ቱ ቲቲ፣ ሳነብ አመሸሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጂልቤርቶ ፓርሎቲ የ125 ሲሲውን (ትንሽ ሞተር ያላቸውን) ውድድር እየመራ ሳለ ተራራው ላይ በዝናብና በጭጋግ ወድቆ ሞተ። ታዋቂው ሻምፒዮን ጃኮሞ አጎስቲኒም ከዚያ ዓመት ወዲያ ደሴቱ ላይ አልተወዳደረም። ከ1976 በኋላ ደግሞ ቲቲ ራሱ ነጥብ ከሚያሰጡት የዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች ወጣ። ታዲያ ውድድሩ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ? መጀመሪያስ ለምን ሰው በሚኖርበት መንገድ ላይ ሆነ?

የተራራው መንገድ፦
ወንድሜ፣ ነገሩ ከሕግ ይጀምራል። የብሪታንያ ፓርላማ መንገድ ዘግቶ መሽቀዳደምን አልፈቀደም፤ የፍጥነት ጣሪያውም በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ነበር። ማን ደሴት ግን ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ምክር ቤት አላት፤ እሱ በ1904 ፈቀደ። መጀመሪያ መኪኖች ሮጡ። በ1907 የሞተር ሳይክሉ ቲቲ ሲጀመር ቻርሊ ኮሊየር ማችለስ በሚባል ሞተር አሸነፈ፤ አማካይ ፍጥነቱ 61 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

በ1911 ወደ ተራራው ወጡ፤ አንዱ ዙር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አቀበቱ ያለ ማርሽ አይሞከርም። ባለ ማርሽና ባለ ሰንሰለቶቹ ኢንዲያን የሚባሉት የአሜሪካ ሞተሮች በዋናው ውድድር ከአንድ እስከ ሦስት ወጡ። በዚያው ዓመት ቪክተር ሰሪጅ በልምምድ ላይ ሞተ፤ የቲቲ የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው።

እኔም ሞተር እነዳለሁ። ፒተር ሂክማን በ2023 በአማካይ 219 ኪሎ ሜትር ሮጦ ዙሩን በ16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ጨርሷል። ከሞተር ላይ የተቀረጸ አንድ ዙር ካርታ ዘርግቼ እያቆምኩ ስመለከት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። የድንጋይ አጥር፣ የቤት ግድግዳ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ሁሉም ጠርዙ ላይ ነው። ታች ባሕሩ ዳር ፀሐይ ወጥቶ ላይ ተራራው ጭጋግ ሊሆን ይችላል። ፓርሎቲን ሳስብ ሁልጊዜ ይህ ነው የሚመጣብኝ።

እህተ ማርሽ፦
ተወዳዳሪዎቹ በ10 ሰከንድ ልዩነት እየተለቀቁ ከሰዓት ጋር እንደሚሽቀዳደሙ አውቃለሁ፤ ግፊያው ይቀንሳል። ግን በ2022 ብቻ ስድስት ተወዳዳሪዎች ሞቱ። እኔ ይቁም ባይ ነኝ።

የተራራው መንገድ፦
እህቴ፣ ሐዘንሽን እጋራለሁ፤ ይቁም ማለት ግን አይሆንልኝም። እስከ 1976 የዓለም ሻምፒዮን መሆን የፈለገ ሁሉ ቢፈራም ይመጣ ነበር፤ ከቀረ ነጥብ ይጥላላ። በ1977 የብሪታንያው ውድድር ወደ ሲልቨርስቶን ከሄደ ወዲህ ደሴቱ ላይ የሚገኘው ወድዶ የመጣ ብቻ ነው። ጆይ ደንሎፕ ወድዶ መጥቶ 26 ጊዜ አሸነፈ፤ በ2024 ያንን ቁጥር ያለፈው የወንድሙ ልጅ ማይክል ነው።

ባለሰንሰለት፦
አሁን ገባኝ። ፓርሎቲ እኮ የዚያን ዓመት የ125 ሻምፒዮና እየመራ ነበር። ዝናቡን አይቶ ልቅር ቢል ነጥቡን መተው ነበረበት። የቀድሞው ሻምፒዮን ማይክ ሄይልውድ ግን ከደሴቱ 11 ዓመት ርቆ በ1978 በዱካቲ ሞተር ተመልሶ ሲያሸንፍ ማንም አላስገደደውም። ስለሱ የምታውቀውን ጻፍልኝ እስቲ።