አባዬ ጭላዳ ሲያባርር ነው ያደገው፤ «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ»ን ከየትኛው ልጀምርለት?

የጠባሴው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አባዬ የመንዝ ሰው ነው፤ ጓሳ አጠገብ ተወልዶ ልጅነቱን ገብስ ማሳ ዳር ወንጭፍ ይዞ ጭላዳ ሲያባርር ነው ያሳለፈው። አሁን ጉልበቱን እያመመው እኔ ዘንድ ከርሟል፤ ማታ ማታ አብረን ነን። እኔ ደግሞ የ«ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» ፊልሞች ወዳጅ ነኝ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደ አዲስ የተጀመሩት። ቄሳር የተባለውን ቺምፓንዚ ከብዙ ሰው ገጸ ባሕርይ አስበልጬ እወደዋለሁ። ጭላዳን እንደ አባዬ የሚያውቅ ሰው ይህን ፊልም አይቶ ምን እንደሚል መስማት ከፈለግኩ ቆየሁ።

የቸገረኝ እንዲህ ነው። አባዬ እንግሊዝኛ አይሰማም፣ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍም አያነብም። እኔ ላስረዳው እችላለሁ፤ ግን በየደቂቃው እያወራሁ ፊልሙን እንዳላበላሽበት እሰጋለሁ። የእህቴ ልጅም አብሮን ያያል፣ 11 ዓመቱ ነው። መብራት ማታ ማታ ስለሚጠፋ የምተማመነው በላፕቶፔ ባትሪ ነው፤ እሱም ከሁለት ሰዓት አያልፍም። በ1968ቱ ልጀምር ወይስ በ2011ዱ? «ኤፕ» የሚለውንስ በአማርኛ ምን ልበለው? «የዝንጀሮ ፊልም ነው» ካልኩት «ዝንጀሮ ደግሞ ምን ይታያል!» ብሎ ገብቶ ይተኛል።

መሐል ሜዳ

በ2011ዱ፣ በ«ራይዝ» ጀምርላቸው። የድሮው ፊልም ጥሩ ነው፣ ግን ንግግር ይበዛዋል። ጠፈርተኛው ተይዞ ችሎት ፊት ይቀርባል፣ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፣ መልስ ይሰጣሉ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ካልተረጎምክላቸው አባትህ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። በዚያ ላይ ታሪኩን የምናየው ባዶ እጁን በመጣው ሰው ዓይን ነው።

አዲሱ ይህን ገለበጠው፤ እኔ የምወደውም ለዚህ ነው። ታሪኩ የቄሳር ነው። ቤት ውስጥ እንደ ልጅ አድጎ፣ በአሳዳጊው ሽማግሌ አባት ላይ ጎረቤት እጁን ሲያነሣ ባየ ጊዜ ደሙ ፈልቶ ተናከሰ፤ ከዚያ ወስደው ዘጉበት። ከተዘጋበት በኋላ ያለው የፊልሙ ክፍል በዓይንና በእጅ ነው የሚነገረው።

አንድ ቦታ ልንገርህ። ቄሳር ከኦራንጉታኑ ከሞሪስ ጋር ተቀምጦ በእጅ ምልክት ያወራል። አንዲት እንጨት አንሥቶ ቀጭ ያደርጋታል። ቀጥሎ ብዙ እንጨት ሰብስቦ በአንድ ጭብጥ ይይዛል። ይኸው ነው። ለዚህ ምን ትርጉም ያስፈልጋል? አባትህ ካንተ ቀድመው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ስለዚህ ዝም በል። ከመጀመርህ በፊት ታሪኩን በአምስት ደቂቃ ንገራቸውና ከዚያ ሲጠይቁህ ብቻ መልስ።

ስሙን በተመለከተ «ዝንጀሮ» አትበላቸው። ዝንጀሮም፣ ጭላዳም፣ ጦጣም፣ ጉሬዛም ጅራት አላቸው። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን የላቸውም። እኛ አገር ዱር ውስጥ ስለሌሉ አማርኛችን ስም አላወጣላቸውም። «ጅራት የሌለው፣ ለሰው የቀረበ አውሬ» በላቸውና ቺምፓንዚ እያልክ ቀጥል።

ከደብረ ሲና

እኔ በዕድሜ ከናንተ ሳልገፋ አልቀርም፤ ከመሐል ሜዳው ወንድሜ ጋር አልስማማም። 1968 ይቅደም። የዚያ ፊልም የመጨረሻ ደቂቃ በሕይወትህ አንዴ ብቻ ነው የሚያስደነግጥህ። ጠፈርተኛው በባሕሩ ዳርቻ በፈረስ እየሄደ ከፊቱ የሚያየው ነገር፣ እኔ ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። በ2011ዱ ከጀመርክ ግን የኤፖቹ ዓለም እንዴት እንደመጣ ታውቃለህ፤ ምሥጢሩ ሳይጀመር አለቀ። ለአባትህ ካልሆነ ለእህትህ ልጅ ስትል አስብበት፤ 11 ዓመት እኮ በፊልም ለመደንገጥ ትክክለኛው ዕድሜ ነው።

ደግሞ ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም። ፊቶቹን በእጅ የሠራቸው ጆን ቻምበርስ ነው፤ ለሥራው የክብር ኦስካር ተሰጥቶታል። ከጭንብሉ ሥር የተዋናዮቹ ዓይን ይታያል፤ ለኔ ያ ዓይን ይበቃኛል። ርዝመቱ 112 ደቂቃ ስለሆነ ባትሪህም ይችለዋል።

በየትኛውም ብትጀምር አንድ ነገር አደራ፦ የ1968ቱን የዲቪዲ ሽፋን ለልጁ እንዳታሳየው። መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ያተሙት ብዙ ናቸው።

ሸዋ ሮቢት

ጋሼ ደብረ ሲና፣ ስለ መጨረሻው ደቂቃ ያሉት እውነት ነው፤ ጠያቂው ግን ስለ አባቱ ነው የጠየቀው። እኔም 2011 እላለሁ።

የአዲሶቹ ቅደም ተከተልና ርዝመት ይህ ነው፦ «ራይዝ» 2011፣ 105 ደቂቃ። «ዶውን» 2014፣ 130 ደቂቃ። «ዋር» 2017፣ 140 ደቂቃ። «ኪንግደም» 2024፣ 145 ደቂቃ። በባትሪህ ሙሉውን የምትጨርሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የ2001ዱን እለፈው፤ ከድሮዎቹም ከአዲሶቹም ታሪክ ጋር አይገጥምም።

ስለ ልጁ፦ አራቱም ከ13 በታች ላሉ ልጆች ወላጅ ይጠንቀቅ የተባለባቸው ናቸው። «ራይዝ»ን አጠገቡ ሆነህ ቢያየው ችግር የለውም። «ዶውን» ይከብዳል፣ በኮባ ምክንያት። ኮባ ሰዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሠቃዩት ቺምፓንዚ ነው። ቄሳር «ሰዎቹ ሥራቸውን ይሥሩና ይሂዱ» ሲል ኮባ ገላው ላይ ያሉትን ጠባሳዎች አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ «የሰው ሥራ፣ የሰው ሥራ» ይላል። በአዲሶቹ ሁሉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የነካኝ ቦታ የለም፤ ምክንያቱም ኮባ የሚያደርገውን ብትጠላም እንኳ ቁስሉ እውነት ነው። አዲሶቹ የድሮዎቹን የሚበልጡት እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ክፉውም በቂ ምክንያት አለው።

ልጁ እንዳይፈራ መጀመሪያ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ አሳየው። በ«ራይዝ» ውስጥ አንድም እውነተኛ ቺምፓንዚ የለም። ቄሳር አንዲ ሰርኪስ ነው፤ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ተደርጎ፣ ግንባሩ ፊት ትንሽ ካሜራ ተንጠልጥሎ ነው የተጫወተው። ጸጉሩንና ቆዳውን ከዚያ በኋላ የኒውዚላንዱ ዌታ ዲጂታል አለበሰው። ስለዚህ ጋሼ፣ ከጭንብሉ ሥር ያለው ዓይን አልጠፋም፤ አሁንም የሰው ዓይን ነው።

መሐል ሜዳ

አንድ ልጨምር። አዲሱ ከባዶ አልተነሣም። ባሪያ የነበሩት ኤፖች በቄሳር መሪነት የሚያምፁበት ታሪክ ከድሮዎቹ አራተኛው፣ የ1972ቱ ላይ አለ። «ራይዝ» የያዘው ያንን ክር ነው። ወደ ማርስ የሄደች መንኮራኩር መጥፋቷንም በጋዜጣ ርዕስ ብልጭ ያደርግልሃል፤ የ1968ቱን በር ክፍት ትቶታል ማለት ነው። ስለዚህ አራቱን ጨርሳችሁ ወደ ድሮው ብትመለሱ ጋሼ እንደሚፈሩት የሚበላሽ አይመስለኝም።

የጠባሴው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማታ «ራይዝ»ን አየን። መብራት ገና ሳንጀምር ጠፋ፣ ባትሪው ግን እስከ መጨረሻው አደረሰን። አባዬ ባናውን ተከናንቦ፣ ቆሎውን ይዞ ተቀመጠ። እንደተባልኩት ታሪኩን ቀድሜ ነግሬው ዝም አልኩ።

መጀመሪያ አልወደደውም። ቄሳር ዛፍ ላይ ሲዘል «ይሄ የማላውቀው ነው፤ ጭላዳ ዛፍ አይወጣም፣ ገደል ነው የሚያድር» አለ። ግቢው ውስጥ ግን ቄሳር ሮኬት የተባለውን ጉልበተኛ አሸንፎ ሌሎቹ ወደ እሱ ሲዞሩ አባዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አውራ ለወጡ!» ቆሎውን ትቶ ይነግረን ጀመር። ጓሳ ላይ አዲስ ወንድ መጥቶ አሮጌውን አውራ ሲገጥም፣ ከንፈራቸውን ገልብጠው ድዳቸውን እያሳዩ፣ ሴቶቹ ዳር ሆነው ሲመለከቱ፤ የተሸነፈው ደረቱ ላይ ያለው ቀይ እየደበዘዘ ከዚያው መንጋ ጋር ሣር ሲግጥ። ይህን ሁሉ ለኔ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ፊልሙን አቁሜ ሰማሁት።

እንጨቱ ላይ እንደተባለው ሆነ፤ ተረቱን ጨረሰው።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። ጠባቂው በኤሌክትሪክ ዱላ ሲመታው ቄሳር እጁን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ቋንቋ የሚጮኽበት። እኔ አልተረጎምኩም። አባዬ ወደ እህቴ ልጅ ዞሮ «ምን አለው?» አለ። ልጁ «እምቢ አለው» አለ። አባዬ ቀስ ብሎ «እምቢ» አለ፣ ለራሱ። ፊልሙን አሥር ጊዜ ባየውም «ኖ» የሚለው ቃል በኛ ቋንቋ እንዲህ እንደሚከብድ ያወቅኩት ያን ማታ ነው። «መልስና አሳየኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ መለስኩለት።

ሊተኛ ሲል «ያ አንድ ዓይኑ የፈዘዘው፣ እሱ ሰላም አይሰጣቸውም» አለ። ኮባን ማለቱ ነው። ምንም አልነገርኩትም።

አሁን «ዶውን»ን ጠይቆኛል። ልጁ ከእናቱ ጋር ሲሆን ለብቻችን እናየዋለን። ግን 130 ደቂቃ ነው፣ ባትሪዬ አይበቃም፤ ለሁለት ማታ ብከፍለው የት ላይ ላቁም?

ሸዋ ሮቢት

መጀመሪያው አካባቢ ኤፖቹ በእጅ ምልክት ብቻ ነው የሚያወሩት፣ ስለዚህ እዚያ አትጨነቅ። የምታቆመው ሰዎቹ ግድቡን ጠግነው መብራት የሚመጣበት ላይ ነው። ነዳጅ ማደያው ውስጥ አምፖሉ ይበራል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ሰውም ኤፕም ደስ ብሎት ቆሞ ያያል። እዚያ ላይ ዝጋው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው በአንድ ትንፋሽ መታየት አለበት፣ ባትሪህን ሞልተህ ጠብቅ።

ከደብረ ሲና

አባትህ ኮባን በአንድ ዓይኑ ለይተውት ከሆነ በናንተ ተሸንፌአለሁ። «ዶውን»ን አይተው ምን እንዳሉ እዚሁ ጻፍልን። 1968ንም ሽፋኑን ሸፍነህ ለልጁ አስቀምጥለት።